የሞት ብልዝ

ግትሬ የሚለውን ስም ያወጡላት አማቷ ናቸው። መጀመሪያ ስድብ ነበር። ገና ሙሽራ ሆና ወደዚያ ቤት በገባች ሰሞን አሮጊቷ ለጎረቤት «ይቺ ልጅ ግትር ናት፤ ግድግዳ ይገፋል እንጂ እሷ አትገፋም» ብለው አሟት። ዓመት ዓመትን ሲተካ ስድቡ ጥርሱ ረገፈና መቆላመጫ ሆኖ ቀረ። አንድ ጎናቸውን ሽባ ያደረገ በሽታ አልጋ ላይ ከጣላቸው ወዲህማ ካፋቸው አጥርተው ከሚያወጧቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ይኸው ነበር። «ግትሬ፣ ውሃ።» «ግትሬ፣ መስኮቱን።» ለወሬ ሲሆን ብቻ ምላሳቸው ይፈታል። «ግትሬ፣ ጎረቤቷ ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣላች?»

አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጀርባው እንደሚቆስል ለግትሬ የነገረቻት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። «በየጊዜው አገላብጪያቸው» አለቻት። «የቀላ ቦታ ካየሽ በአውራ ጣትሽ ጫን በይው። ነጥቶ ተመልሶ ከቀላ ደሙ እየሄደ ነው፤ አትስጊ። ተጭነሽው አልነጣ ካለ ግን ቁስል ጀምሯልና ሳትውዪ ሳታድሪ አምጫቸው።»

ግትሬ ትምህርት ቤት የቆየችው ስሟን መጻፍ እስክትችል ድረስ ነው፤ አንዴ የያዘችውን ነገር ግን አትለቅም። በየጠዋቱ ተረከዛቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ ትከሻቸውን ትዞርበታለች። ጫን፣ ነጣ፣ ቀላ። አማቷ ይስቁባት ነበር።

«ገበያ ላይ እንዳለ ማንጎ ታሺኛለሽ። ካልበሰልኩ ልትመልሺኝ ነው?»

«ለማን ልመልስዎት፣ እማማ? የሚቀበለኝ የለም።»

ያ ሁሉ ጊዜ ያለፈው አሮጊቷ ጀርባ ላይ አንድም ቁስል ሳይወጣ ነው። የግትሬ ኩራት እሱ ነበር፤ ሌላ ብዙ ኩራትም አልነበራትም።

አንድ ጠዋት መጋረጃውን ገልጣ «እማማ» ብትል መልስ የለም። በጀርባቸው እንደተኙ ናቸው፤ አፋቸው ከፈት ብሏል፤ ግንባራቸው ቀዝቅዟል። ግትሬ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እጃቸውን ይዛ ቆየች። ከዚያ ሄዳ ባሏን ቀሰቀሰች።

ባሏ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ግቢ እየገባ ቁጥር አይቶ የሚወጣ፣ ውሻ እንኳ የማይጮህበት ዝምተኛ ሰው። «ዝም አይነቅዝም» የምትል ተረት አለችው፤ ለደጉም ለክፉውም የሚያወጣት እሷን ነው። እናቱን አይቶ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፤ ትንሽ ቆይቶ ለታላቅ እህቱ ደወለ። ይህቺን ታላቅ እህት ቤተሰቡ ሁሉ እትዬ ነው የሚላት። የራሷ የልብስ መደብር አላት፤ በዚያ ቤት ቃሏ ሕግ ነው። እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ ሳታወርድ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ ሳታወርድ የምትነሳ ሴት ነበረች።

እትዬ ከሁለት ጎረቤት ሴቶች ጋር ገላቸውን ልታጥብ ገባች። ግትሬም ውሃውን አሙቃ ቀረበች። አሮጊቷን ወደ ጎን ሲያዞሯቸው ሴቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ጀርባቸው ከትከሻ እስከ ባት እንደ ቀይ ሥር በልዟል። ትከሻቸውና መቀመጫቸው ፍራሹን የነካበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኗል፤ በብልዙ መሀል ደግሞ ነጫጭ መስመሮች ተጋድመዋል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች እትዬ፣ ቀስ ብላ።

ግትሬም ደንግጣለች። ማታ ስታገላብጣቸው ያልነበረ ነገር ነው። እጇ ግን ከሐሳቧ ቀድሞ የለመደውን አደረገ፤ አውራ ጣቷን ብልዙ ላይ ጫን አድርጋ አነሳች። የጣቷ ቅርጽ ነጥቶ ታየ፤ ቆይቶ ቀስ እያለ ተመልሶ ጠቆረ።

«አዩ፣ እትዬ፣ ይነጣል። ቁስል አይደለም።»

«እጅሽን ከእናቴ ላይ አንሺ።» የእትዬ ድምፅ እንደዚያው ቀስ ያለ ነበር። «ስትመቻት ኖረሽ አሁን ደግሞ ልታጠፊው ታሺያለሽ? ሰንበሩ ይኸውና። በምንድን ነው የገረፍሻት፣ በቀበቶ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት? እኔ ነኝ እኮ።»

«ጣቷን እይው። እንደጨበጠች ደርቋል፤ አልዘረጋም ይላል። ስትከላከል ነው የሞተችው።»

ሁለቱ ጎረቤቶች ተያዩና «እኛስ ምን እናውቃለን» አሉ። ያላወቁትን ነገር ይዘው ግን ሰፈሩን ለማዳረስ ምሳ ሰዓት አልደረሰባቸውም።

እትዬ ፖሊስ ጠራች። አንድ ሃምሳ አለቃ መጣ፣ ጀርባቸውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ አስከሬኑም ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃው ባልና ሚስቱን፣ እትዬንም የሬሳ ክፍሉ በር ላይ አሰባሰባቸውና አስከሬኑ የእናታቸው መሆኑን እንዲያረጋግጡ አስገባቸው። ወለሉ እርጥብ ነው፤ ከግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ማራገቢያ እየተንገጫገጨ ይጮሃል። ጓንት ያጠለቀው ሠራተኛ አንሶላውን ገለጠ።

«እንግዲህ ወይዘሮ፣ ምን ይላሉ?» አለ ሃምሳ አለቃው ለግትሬ።

«አልመታኋቸውም። ማስረጃም አለኝ» አለች። እዚህ ላይ ልቧ ሞልቶ ነበር፤ ነርሷ ያስተማረቻትን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። «ይጫኑት፤ ይነጣል። ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ። ቁስል ቢሆን አይነጣም ነበር።»

ሃምሳ አለቃው ወደ ሠራተኛው አየ። ሠራተኛው ትከሻውን ሰበቀና አሮጊቷን ዘንበል አድርጎ በጓንቱ ጣት ብልዙን ተጫነው። አነሳ። ምንም የለም። እንደነበረው ነው።

«አልተጫንከውም፤ ጠበቅ አድርገው» አለች ግትሬ።

ጠበቅ አደረገው። ብልዙ እንደ ቀለም ድርቅ ብሎ ቀረ። ሠራተኛው ቦታ ቀይሮ ሞከረ፤ እዚያም እምቢ አለ።

«ካልነጣ ቁስል ነው ያሉት እኮ እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለ ሃምሳ አለቃው።

ግትሬ ወደ ባሏ ብትዞር ባሏ ጫማውን ያያል። በዓይኗ ያየችው፣ በገዛ ጣቷ የነካችው ነገር ከዳት።

ከዚያ የአስከሬን ሐኪሙ ገባ፤ እነሱም ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። የሬሳ ክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር የማራገቢያው ጩኸት አብሮ ይወጣል። ሃምሳ አለቃው ስልክ ተደውሎለት ወደ ግቢው ወጣ። እሱ በወጣበት ነው በሩ ተከፍቶ ሐኪሙ ብቅ ያለው። ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ አፍና አፍንጫውን ድርብ ማስክ ሸፍኖታል።

«ጨርሰናል» አለ። «የሞት ብልዝ ነው። አስከሬኑን መውሰድ ትችላላችሁ፤ ውጤቱን ለፖሊስ እንልካለን።» በሩን ዘጋው።

«ምት አለ» አለች እትዬ እየተነሳች። «ሰማችሁ? የምት ብልዝ ነው አለ።»

«ሞት ነው ያሉት» አለች ግትሬ።

«የሞት ብልዝ የሚባል ነገር አለ ደግሞ? ሞት በየትኛው እጁ ነው የሚመታው?»

«እኔ እንጃ። ያሉት ግን ሞት ነው።»

ሁለቱም ወደ ሰውየው ዞሩ። አንዷ ሚስቱ፣ አንዷ እህቱ ናት። ከሁለቱ ይልቅ እሱ ነበር ለበሩ ቅርብ የተቀመጠው።

«በደንብ አልሰማሁም» አለ። «ማራገቢያው ይጮሃል።»

ግትሬ በሩን አንኳኳች፤ ደበደበችም ቢባል ይሻላል። ሠራተኛው ከፍቶ «ሐኪሙ በወዲያኛው በር ወጥተዋል» አላት። «ማን ነው ደግሞ ቀስ ብሎ ማንኳኳት ያላስተማራችሁ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ምትና ሞት፣ በጽሑፍ ብትሉ ልዩነታቸው አንዲት ጭረት ናት፤ በአፍ ብትሉ አንዲት ትንፋሽ። ያቺ ትንፋሽ ማስኩ ውስጥ ቀረችና አንዲቷ ሴት ወይ የአማቷ ልጅ ወይ የአማቷ ገዳይ የምትሆንበት ነገር ሆነች። እትዬ ኮሪደሩን ሳትጨርስ ለዘመድ መደወል ጀምራለች። ሃምሳ አለቃውም ከግቢው ሲመለስ ያገኘው እሷን ነው፤ ሐኪሙን አይደለም።

ቀብሩ ላይ ግትሬ ከኋላ ቆመች። ከፊት እንድትቆም የጠራት የለም። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ውሃ ስታዞር አንዲት ወፍራም ሴትዮ ብርጭቆውን ተቀብላ፣ እጇን አይታ፣ ሳትጠጣው መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሌላዋ «ጥማት የለኝም» አለች። ሦስተኛዋ ለመቀበል እጇን ዘርግታ ነበር፤ ጎኗ ያለችው በክርኗ ነካ አደረገቻትና ሰበሰበችው። ግትሬ ትሪውን ይዛ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች፤ ያመጣችውን ውሃ እዚያው መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

ሲመሽ እትዬ ሰው ፊት አስቀምጣ ተናገረቻት። «ነገሩ እስኪጣራ ድረስ እህትሽ ዘንድ ብትሄጂ ለሁላችንም ይሻላል። ለቅሶ ደራሽ ቤት ሲገባ አንቺን ማየት የለበትም።»

«ለጊዜው ነው» አለ ባሏ፣ ለወለሉ።

«የትም አልሄድም» አለች ግትሬ። «እማማን ያጠብኩት እኔ፣ ያገላበጥኩት እኔ። ከዚህ ቤት ከወጣሁ ያንን ቃል ከሐኪሙ አፍ እንደገና ሰምቼ ነው። ምት ካሉ ሻንጣዬን ራሴ እሸከማለሁ።»

«ግትር» አለች እትዬ። አሮጊቷ እንደሚሉት አላለችውም።

ግትሬ ከባሏ ክፍል ወጥታ የአማቷ አልጋ አጠገብ ፍራሽ አነጠፈች። በማግስቱ ሆስፒታሉ መስኮት ላይ ተገኘች። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጥፍሯን እየሞረደች ነው የተቀበለቻት።

«የአስከሬን ውጤት ለፖሊስ ነው የሚሰጠው።»

«ውጤቱ ይቅርብኝ፣ እህቴ። አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ቃልም ውጤት ነው።»

«ሐኪሙን ላናግራቸው?»

«ሥራ ላይ ናቸው።»

«ሥራቸው ከሞተ ሰው ጋር ነው፤ የሚቸኩልባቸው የለ።»

ሴትዮዋ ሞረዱን አስቀምጣ አየቻት። «ቀጣይ» አለች።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ሃምሳ አለቃው «ከሆስፒታል አልደረሰንም» አላት።

«እነሱ ልከናል ይላሉ።»

«እኛ ደግሞ አልደረሰንም እንላለን።»

«ታዲያ መንገድ ላይ ማን በላው?»

«ወይዘሮ፣ ስንት ሥራ አለብን።»

«ይደውሉላቸዋ።»

«በስልክ የተሰማ ነገር ማስረጃ አይሆንም።»

«በኮሪደር የተሰማውስ?» አለች ግትሬ። «እሱ ማስረጃ ሆኖ ቤቴን እያፈረሰው ነው እኮ።»

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። «ይመለሱ» አላት። ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች። ሴትዮዋ ወደ ፖሊስ ላከቻት። ፖሊሱ ወደ ሴትዮዋ ላካት። ግትሬ እንደ ልብስ ሰፊ መርፌ አንዴ በዚህ ስትገባ አንዴ በዚያ ስትወጣ ሰነበተች፤ የተሰፋ ነገር ግን የለም። ጫማዋ ተረከዙ ጋ አለቀ። ከሁሉ ያንገበገባት ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ፍራሿ ላይ ስትጋደም የራሷን አውራ ጣት አፍጥጣ ታያለች። ጠዋት የነጣው ከሰዓት ለምን እምቢ አለ? ነርሷ ዋሸቻት? ወይስ እሷ ሳታውቀው ስታገላብጣቸው ጎድታቸው ነበር? ይህ ሐሳብ ሲመጣባት ትነሳና ትቀመጣለች።

ያዘነላት የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው። ሽማግሌ ነው፤ በሄደች በመጣች ቁጥር ቦርሳዋን መፈተሽ ስለሰለቸው ፍተሻውን ትቶ ወሬ ጀመረ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ምንድን ነው የጠፋብሽ?»

«አንዲት ፊደል» አለችው፤ ነገሩንም ነገረችው።

ዘበኛው ሳቅ ቀደመው። «በሞቴ ስትይው በምቴ ብሎ የሚሰማ ቤተሰብ ላይ ወድቀሽ ነው እንጂ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሙታኑን ሐኪም በፊት በር ዕድሜሽን ሙሉ አታገኚውም። በጀርባ ዙሪ። ከልብስ ማጠቢያው ዘንድ ዛፍ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ እሱ ሥር ተቀምጦ ጫማውን ያወልቃል። እኔ አልነገርኩሽም።»

ሐኪሙ እንደተባለው ዛፉ ሥር ነበር። ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን ጫማው ላይ አስቀምጦ፣ የጭማቂ ጠርሙስ ይዟል። ያለ ማስክ ሲታይ ቀጭን፣ ጢሙን ያልተላጨ፣ የደከመው ሰው ነው።

«ምሳዬ ላይ ነኝ» አለ ገና ሳትደርስ።

«አውቃለሁ። አፈር ልሁንልዎት፣ አንድ ቃል ብቻ» አለች ግትሬ፤ ሳይፈቅድላት ፊቱ ተቀመጠች። «ያቺ ጀርባቸው የበለዘው አሮጊት። ምት ነው ያሉት ሞት?»

ሐኪሙ ግራ ገባው። «ሞት ነዋ። የሞት ብልዝ። ምት ያለ ማን ነው?»

ግትሬ እንባዋ የሚመጣ መስሏት ነበር፤ የመጣው ግን ንዴት ነው። «ታዲያ የሞት ብልዝ የሚባለው ምንድን ነው? ይንገሩኝ፤ እኔም እንድናገረው።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ ጫማውን አየ፣ እሷን አየ። እንደማትነሳ ገባው። ጠርሙሱን አንስቶ ነቀነቀው፤ ከታች የተኛው ዝቃጭ ተነስቶ ጭማቂው ሁሉ ደፈረሰ።

«ልብ ማለት ይህ የሚነቀንቀው እጅ ነው። እስከነቀነቀ ድረስ ደም በመላው ገላ ይዞራል። እጁ ሲቆም ግን» አለና ጠርሙሱን ድንጋይ ላይ አኖረው። ሁለቱም ዝቃጩ ቀስ እያለ ሲወርድ ተመለከቱ። «ይወርዳል። ሰው በጀርባው ተኝቶ ከሞተ ደሙ ወደ ጀርባው ይወርድና ቆዳው ይበልዛል። ፍራሹን የተጫነው ቦታ ደግሞ የደም ሥሮቹ ስለተጨፈለቁ ደም አይገባበትም፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል።»

«ሰንበሩስ?»

«የአንሶላ እጥፋት ነው።»

አንሶላው። ያቺ ማታ ጥሩ አድርጋ አልወጠረችውም ነበር፤ አሮጊቷ ደክሟቸው «ተይው» ብለዋታል። ግትሬ ከንፈሯን ነከሰች።

«ታዲያ ጠዋት ስጫነው የነጣው፣ ከሰዓት እናንተ ዘንድ ለምን እምቢ አለ? እኔን ውሸታም አድርጎኝ ነው የዋለው።»

«ጠዋት ደሙ ገና በሥሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር፤ ሲጫኑት ይሸሻል። ሰዓት ሲያልፍ ግን ወፍሮ፣ ረግቶ ባለበት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቢጫኑት አይሸሽም። ማን ነው ተጫኚው ያለዎት?»

«ነርሷ። ለአልጋ ቁስል።»

«እሱ ለሕያው ሰው ነው፣ እናቴ። በሞተ ሰው ላይ ያው ነገር ሌላ ነው የሚናገረው።» ጭማቂውን አልጠጣውም፤ ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «ዱላ መሆን አለመሆኑን እኛ ቆርጠን ነው የምናየው። ምት ከሆነ ሥሩ ተበጥሶ ደሙ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል፤ በውሃ ብናጥበው አይለቅም። የእናታችሁ ታጥቦ ጠርቷል። ያረፉት አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነው፤ የመጀመሪያው በሽታ ተመልሶባቸው። ጀርባቸው ላይ አንድ የአልጋ ቁስል እንኳ የለም። ያንን ጽፌዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አይደለም።»

ግትሬ ይህንን የመጨረሻውን ሰምታ አውራ ጣቷን በመዳፏ ጨበጠች። ከአፏ የወጣው ግን ያው የዱሮው ግትርነት ነው። «ይህን እኔ ሄጄ ብናገር የሚያምነኝ የለም። በሞቴ፣ ለነሱ በአፍዎ ይንገሩልኝ።»

«ፖሊስ ይነግራቸዋል።»

«ፖሊስ አልደረሰኝም ይላል።»

ሐኪሙ ረጅም ትንፋሽ ወጣው። «ነገ በዚህ ሰዓት አምጫቸው» አለ፤ አንቱታው እንኳ ደክሞት ወደቀ። «ጫማ ስላላደረግኩ እንዳይታዘቡኝ።»

ባሏን ማምጣት ቀላል ነበር፤ ና ሲሉት ይመጣል። እትዬ የመጣችው ግትሬን ልታጋልጣት ነው። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ዛፉንም፣ ገመድ ላይ የተሰጣውንም የሆስፒታል አንሶላ አየች። «ፍርድ ቤቱ በዛፍ ሥር ሆነ እንዴ?» አለች።

ሐኪሙ ሳያንዛዛ ነገራቸው። ጠርሙሱን ነቀነቀ፣ አስቀመጠ፣ ዝቃጩን አሳየ። አንሶላውን ነገራቸው። ቆርጠው እንዳጠቡትም ነገራቸው። «ሞት» አለ፣ አፉን በጣቱ እያሳየ፣ ልጅ እንደሚያስቆጥር። «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም አይደለም፤ ሞ። ሞት።»

«ጣቶቿስ?» አለች እትዬ። «ጨብጣ ነበር።»

«ሬሳ ይገትራል። ከመንጋጋና ከጣት ይጀምራል፣ ከዚያ መላ ገላ ይደርቃል። መታገል አይደለም። ቀን አልፎ ቀን ሲተካ ደግሞ ራሱ ይላላል።»

እትዬ ወደ ወንድሟ ሚስት ዞረች። «ይቺስ መቼ ነው የምትላላው?» አለች። ሐኪሙ ሳይፈልግ ሳቀ። ግትሬ አልሳቀችም።

ከዚያ ሐኪሙ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊታቸው ለሃምሳ አለቃው ደወለ። ድምፁ እስከ ዛፉ ዳር ይሰማል። «አዎ፣ ደርሶናል እኮ ዶክተር» ይላል። «ከደረሰ ሰንብቷል። መሳቢያ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ይመጣል ብለን ነው እንጂ።»

ግትሬ ዓይኗን ጨፈነች። በየቀኑ የቆመችበት ጠረጴዛ፣ ያው መሳቢያ።

እትዬ ይቅርታ አላለችም። ቦርሳዋን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች፤ ግትሬ ያቺ ቦርሳ ከእጇ ስትወርድ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። «ያን ዕለት ማስኩን ዝቅ አድርጎ መናገር ምን ያቅታል?» አለች ለሐኪሙ፣ ድምፏ እየተሰነጠቀ። «መጨረሻ የመጣሁ ቀን ተኝታ ነበር። አልቀሰቅሳትም ብዬ ሄድኩ። እንቅልፍ ይበጃታል ብዬ።» ፊቷን አዙራ ለተሰጡት አንሶላዎች አለቀሰች። ግትሬ እጇን ልትዘረጋ ፈልጋ ተወችው። ግትሬም ሰው ናት።

እትዬ በራሷ መኪና ሄደች። ባልና ሚስቱ በእግራቸው ወደ አውቶቡሱ ወረዱ። ዘበኛው ከበሩ ላይ «ፊደልሽ ተገኘች?» ብሎ ጮኸ፤ ግትሬ በእጇ አዎ አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ቀለል ብሏት ነበር።

«ተመስገን ነው» አለ ባሏ፣ ፌርማታው ጋ ሲደርሱ። ከዚያ እንደ ዋዛ ጨመረበት። «እኔማ ያን ዕለትም ሞት ብሎ ነው የሰማሁት።»

ግትሬ ቆመች። «ምን አልክ?»

«ሞት ነበር ያለው። እኔ ለበሩ ቅርብ ነበርኩ።»

«ማራገቢያው ይጮሃል አላልክም?»

«እትዬን ታውቂያታለሽ። ሐዘን ላይ ናት። አፏን ይዤ ከምጣላት እውነቱ ራሱ ይወጣል ብዬ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ።»

አውቶቡሱ መጣ፣ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ። ግትሬ አልተሳፈረችም። የተመለሰውን ብርጭቆ አሰበች። የአማቷ አልጋ ሥር ያነጠፈችውን ፍራሽ። የመስኮቷን ሴትዮ። «ገዳይ እሆን?» እያለች አውራ ጣቷን ያየችበትን። ይህ ሁሉ ሲሆን ቃሉ የነበረው ፖሊስ መሳቢያ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ እቤቷ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ባሏ አፍ ውስጥ ነበር። በልቶበት፣ ተኝቶበት፣ ደህና አደርሽ ብሎበት።

«ነቅዟል» አለችው።

«ምኑ?»

«ዝምታህ። ና።»

እጅጌውን ይዛ በእግር ወሰደችው። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እሱ ሦስት ጊዜ ያህል ጀምሮ ተወው። ለቅሶ ቤቱ ሲደርሱ ሰው ሞልቷል። ያቺ ወፍራም ሴትዮ አለች፣ ሁለቱ ጎረቤቶች አሉ፤ እትዬም ቀድማ ደርሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ አብጧል። ግትሬ ባሏን ክፍሉ መሀል አቆመችው።

«ተናገር» አለች።

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያ ቤት ሰው ፊት ቆሞ የተናገረበት ቀን ኖሮ አያውቅም። «ሐኪሙ፣ እ... የሞት ብልዝ ነው ብለዋል» አለ ወደ ኮሌታው። «ምት አይደለም። እሷ አልመታቻትም።»

«ሰማን» አለች እትዬ ከጥግ፣ ጭንቅላቷን ሳታነሳ። «ተወው፣ ወንድሜ። ሰምተናል።»

ሴቶቹ ተያዩ። ወፍራሟ ሴትዮ «እኔስ ድሮም አላመንኩም ነበር» አለች።

«ድገመው» አለች ግትሬ።

«ሰሙ እኮ።»

«ድገመው። በደንብ አልሰማሁም፤ ማራገቢያው ይጮሃል።»

በዚያ ቤት ማራገቢያ አልነበረም።